መንጋጋዬና የአማቼ ከረሜላ

እኔ በመካነ ሰላም ከተማ ቆርቆሮና ምስማር እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሙያዬ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነገር እወዳለሁ፤ ቀጥ ያለ ምስማር፣ ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ቀጥ ያለ ወሬ። ይህን የምላችሁ የዛሬው ጨዋታዬም ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብላችሁ እንድትጠብቁ ነው። አይሄድም። ጥርሱን የታመመ ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉንጩን በያዘበት በኩል እያዘነበለ ነው የሚሄደው።

ነገሩ የጥርስ ነገር ነው። ጥርሱን የሰበረው ግን ከረሜላ ነው፤ ከረሜላውን ቤቴ ያስገባው ደግሞ የልጄ ጋብቻ ነው። ስለዚህ ከጋብቻው ልጀምር።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ሐያት ትባላለች፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከከተማው ሌላኛው ጫፍ የሚኖሩት የእህል ነጋዴው የሐጂ ይመር ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ልጁ የመብራት ሠራተኛ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማው በሙሉ ይረግመዋል፤ እሷ ብቻ ተደብቃ ትመርቀዋለች። ከዚህ በላይ ፍቅር ምን አለ?

በእኛ አገር ግን መዋደድ ማመልከቻ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፤ ዘር ይጠየቃል። ድሮ የሚጠየቀው አያትህ ማን ነው፣ የማን አገር ሰው ነህ ነበር። ዘንድሮ ጥያቄው ወደ ሕክምና ዞሯል። "ዘራቸው ምን በሽታ አለበት?" ይባላል። በዚህ ጥያቄ ሰበብ የፈረሰ ጋብቻ በሰፈራችን አውቃለሁ፤ የልጅቷ አጎት አስም አለበት ተብሎ ነው። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው አስም የለበትም፤ በርበሬ ሲያስፈጭ ቆይቶ ነው ያሳለው።

እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። ግፊትም አለብኝ። ልቤም አንድ ጊዜ አስደንግጦኝ ደም የሚያቀጥን ክኒን ታዝዞልኛል። ደሴ ያለው ሐኪም ይህን የነገረኝ ቀን ከክፍሉ ስወጣ ያሰብኩት ስለ ዓይኔም ስለ እግሬም አልነበረም። ስለ ሐያት ነበር። ማን ያገባታል? ብዬ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባለቤቴ ከዘሃራ በቀር ነፍስ ያለው ፍጡር አልሰማም። ለክትትል ከተማችን ውስጥ ሐኪም እያለ ደሴ ድረስ እመላለሳለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ "ቆርቆሮ ላመጣ ነው" እላለሁ። ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ "ዋጋው አልጣመኝም" እላለሁ። በዚህ የተነሳ በከተማው ነጋዴዎች ዘንድ ገበያ የሚያውቅ፣ ቆራጥ ሰው ተብዬ እከበራለሁ።

ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት የመጡ ቀን ከሐጂ ይመር ጋር ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘይነባ አብረው መጡ። እኝህን ሴት የማያውቃቸው የለም። መጠየቅ ይወዳሉ። ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣

"ነገር ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር እንጠያየቅ፤ በኋላ መወቃቀስ እንዳይመጣ" አሉ። "በአላህ ይሁንባችሁ፣ በዘራችሁ የሚጥል አለ? አስም? ግፊት? ስኳር?"

ከጓዳ ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ። ዘሃራ ናት።

"ወላሂ የለብንም" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን የአላህን ስም ጠርቶ መዋሸት ከበደኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ዓይኔ ከፊቴ ያለው የስኳር ዕቃ ላይ አረፈ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ብልሃት የተገለጠልኝ መሰለኝ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ማንኪያውን ቆልዬ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ገለበጥኩት። ደገምኩ። ሰለስኩ። አማስዬ ጠጣሁና ከንፈሬን ላስኩ።

"ማሻ አላህ!" አሉ እትዬ ዘይነባ። መልሱ ደርሷቸዋል።

ከእኛ ወገን የዘሃራ ወንድም ያንኑ ጥያቄ ወደ ሐጂ ይመር መለሰው። ሐጂ ይመርም አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ወደራሳቸው ሳቡ። ከእኔ የባሰ ቆለሉ። ብርጭቋቸው ውስጥ ሻዩ ስኳሩን ማሟሟት አቅቶት ማንኪያው ቆሞ ቀረ። እኔ አስተዋይ ሰው ብሆን ኖሮ እዚያው ላይ አንድ ነገር ይገባኝ ነበር። የራሱን ውሸት የሚጠብቅ ሰው ግን የሌላውን ለማየት ጊዜ የለውም።

ቀጥሎ ከረሜላ መጣ። የሐጂ ይመር ትልቋ ልጅ ጅዳ ነው የምትሠራው፤ ለወንድሟ ሽምግልና ብላ ካርቶን ሙሉ ልካለች። የሚያብረቀርቅ ወረቀት የለበሰ፣ ድንጋይ የሆነ ከረሜላ ነው። ሰው የሆነ ሰው አፉ ውስጥ ከቶ ቀስ እያለ ይመጠዋል። እኔ ግን ማስረጃ እየሰጠሁ ነው፤ ቀስ ብዬ አልመጥም። በመንጋጋዬ ያዝኩና ቆረጠምኩት።

ቀጭ አለ።

ከረሜላው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከረሜላው ግን ሙሉ ነበር። ሐጂ ይመርም ወዲያው አንዱን ቆርጥመው ጉንጫቸውን ያዝ አደረጉና "የዙህር ሰላት እንዳያመልጠኝ" ብለው ብድግ አሉ። ዙህርን አብረን ሰግደን ነበር የተቀመጥነው። ይህም አልገባኝም። ከመሄዳቸው በፊት የጋብቻው ውል፣ ኒካሑ፣ በሚቀጥለው ወር እንዲሆን ተቆረጠና ዱአ ተደረገ። እኔም እንባዬን እያፈሰስኩ "አሚን" አልኩ። ሰው የደስታ እንባ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥርስ ያመመው ያውቀዋል፤ ያላመመው ደግሞ ቢነገረውም አያምንም። ቅርንፉድ ጎረስኩ። ነጭ ሽንኩርት ወተፍኩ። በጨው ተጉመጠመጥኩ። አንድ ጎረቤቴ "ጥርሱን እርሳው፣ ይተውሃል" አለኝ፤ መርሳቱን ሞከርኩ፣ እሱ ግን እኔን አልረሳኝም። ጉንጬ ከማበጡ የተነሳ ሱቅ የሚገባው ደንበኛ በሙሉ ዋጋ ሳይከራከር ይወጣ ጀመር፤ የተቆጣሁ እየመሰለው ነው።

በመጨረሻ ዘሃራ ቆረጠች። "የሐያት አባት፣ ነገ የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ትሄዳለህ። ስትሄድ ደግሞ ያለብህን ሁሉ ንገራት። ቁርስህን በልተህ ሂድ። ክኒንህን እንደ ሁልጊዜው ዋጥ። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል" አልኳት። የገባኝ ግን ሌላ ነበር።

እስቲ የዚያን ጠዋት አስተሳሰቤን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ሐኪሟ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ብትለካስ? እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ ደሜንም ልጥረገው አልኩና የስኳሩን ክኒን በእጥፍ ዋጥኩ። ቁርስ ከበላሁ ደግሞ የጠረግኩት መልሶ ሊቆሽሽ ነው፤ ስለዚህ ዘሃራ ያቀረበችልኝን ዳቦ ለዶሮዎቹ በተንኩት። የግፊቱ ክኒን ደግሞ ሽንት ያመላልሰኛል፤ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ሦስቴ አራቴ ብነሳ ሰው ይጠረጥራል ብዬ ዘለልኩት። ደም የሚያቀጥነውን ዋጥኩት፤ እሱን ለምን እንደዋጥኩት ለራሴም አላውቅም፤ ምናልባት አንዱን እንኳ እንደታዘዘ ላድርግ ብዬ ይሆናል። እንዲህ ተሰናድቼ ነው ከቤት የወጣሁት።

የጥርስ ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው። ወንበሩና መብራቱ ከወዲያ፣ የወረፋው አግዳሚ ከወዲህ፣ መሐሉ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ። መጋረጃው ዓይንን ይከለክላል፤ ጆሮን አይከለክልም። ከአግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው የታካሚውን ሕመም ከነመጠሪያው ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። እንዲያውም ጥርሳቸው ደህና ሆኖ ለወሬ ብለው የሚቀመጡ አሉ ይባላል።

ገባሁ። አግዳሚው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ሐጂ ይመር፣ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው። ከጎናቸው እትዬ ዘይነባ።

ልቤ ቀጥ አለች። ብመለስ ምን ይባላል? ሰላምታ ተለዋወጥን።

"ምነው፣ ጥርስዎን?" አልኳቸው።

"ትንሽ ነው። የእርስዎስ?"

"ትንሽ።"

ሁለታችንም ዓይናችን እንባ አዝሏል።

ሐኪሟ፣ ዶክተር መሠረት የምትባል ረጋ ያለች ወጣት፣ ብቅ ብላ "ማነው ባለተራ?" አለች። ተራው የሐጂ ይመር ነበር። ሐጂ ግን ተነስተው "በአላህ እርስዎ ይግቡ" አሉኝ።

"ኧረ በፍጹም! ቀድመው የመጡት እርስዎ።"

"እንግዳዬ ነዎት።"

"አማቼ ነዎት።"

"ወላሂ አልገባም።"

ማሉ። እኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር፤ ሰውዬው ከመጋረጃው ወዲያ ሊደርስባቸው ከሚችለው ጥያቄ እየሸሹ መሆኑን የት አውቄ። አቀፍ ገፋ አድርገው አስገቡኝ።

ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። ዶክተሯ አፌን አየችና "ይሄ መንጋጋ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሥሩም አመርቅዟል። መነቀል አለበት" አለች። እሺ አልኩ። "ከመንካቴ በፊት ግን ልጠይቅዎት፤ ሌላ በሽታ አለብዎት? ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት?"

አግዳሚው ሁሉ ወደ መጋረጃው ሲጠጋ ተሰማኝ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ።

"የለብኝም" አልኩ፤ ለእሷ ሳይሆን ለመጋረጃው።

"ማሻ አላህ!" አሉ እትዬ ዘይነባ ከወዲያ።

ዶክተሯ ግን እንደኔ የቃል ሰው አይደለችም፤ ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያ ጠመጠመች። ነፋች። አየች። እንደገና ነፋች።

"አባቴ፣ ግፊትዎ እኮ በጣም ከፍ ብሏል።"

"ደረጃ ወጥቼ ነው።"

"ምድር ቤት ነን፤ ደረጃ የለንም።"

"ማለቴ ዳገቱ። ከቤቴ እስከዚህ ድረስ።"

"ከእርስዎ ሰፈር እስከዚህ ቁልቁለት አይደል?" አሉ ሐጂ ይመር ከመጋረጃው ወዲያ፤ ሊያግዙኝ አስበው ነው።

"ቁልቁለቱም ያደክማል!" አልኩ።

ዶክተሯ በሹል ነገር ድዴን ነካ አደረገችው። ደሙ መውረድ ጀመረ፤ ጥጥ ብትይዝበትም ቶሎ አላቆመም። ፊቷ ተለወጠ። "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"ደሜ ድሮም ቀጭን ነው" አልኩ። "የእናቴም እንዲሁ ነበር።"

ይህን ስናገር ዘር ውስጥ መግባቴ ትዝ አለኝ። "ግን ጤነኛ ቀጭን ነው" ብዬ ጨመርኩ።

"እሺ፣ ጣትዎን ይስጡኝ፤ ስኳርዎን ልለካ።"

ሁለቱንም እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከተትኳቸው። "ጣቴን አልሰጥም። የታመመው ጥርሴ ነው።"

"አባቴ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። እያላበዎት ነው።"

እውነቷን ነበር። ላቡ ከግንባሬ ወደ ጆሮዬ ይንቆረቆራል። እጆቼ ጭኔ ሥር ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። ረሃብ ሆዴን ሲሞረሙረኝ ዶሮዎቹ የበሉትን ዳቦ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ በእውነት ተመቀኘኋቸው። ለዶክተሯ ቀስ ብዬ በጆሮዋ ልንገራት ብዬ አሰብኩ። ጠጋ በይ ልላት ስል ግን ምላሴ አልታዘዘኝ አለ። ፈራሁ። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ፈራሁ። እዚህ ወንበር ላይ ሞቼ ሐያት ለሰርጓ ባዘጋጀችው ልብስ ለለቅሶ ስትቀመጥ ታየችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላስታውሰውም፤ አግዳሚው ላይ የነበሩት ናቸው እስከ ዛሬ የሚተርኩልኝ። ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን መብራት ቆርቆሮ ነው ብዬ ለዶክተሯ ልሸጥላት ተከራከርኩ አሉ። አልገዛም ስትለኝ "አትቆጪ፣ ያንቺ ጣሪያ እኮ ያፈሳል" አልኳት። ቀጥዬ መብራቱን ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ አትጥፋ" አልኩት። ይህንን ግን የመብራት ሠራተኛውን አማቼን ለመስደብ ብዬ አይደለም፤ ለመብራቱ ነው።

"የሚጣፍጥ ነገር!" ብላ ጮኸች ዶክተር መሠረት። "ማር፣ ከረሜላ፣ ምንም ቢሆን! ቶሎ!"

ይህችን ግን አስታውሳለሁ። ጩኸቷ ሳያልቅ በመጋረጃው ስንጥቅ አንድ እጅ ገባ። ጣቶቹ መሐል የሚያብረቀርቅ ወረቀቱ የተላጠ የጅዳ ከረሜላ አለ። እጁ አልተደናበረም፤ አልተፈላለገም፤ ወረቀቱንም በአንድ እጅ ነው የላጠው። የዚህ ነገር ልምድ ያለው እጅ ነው። ከእጁ ኋላ የሐጂ ይመር ድምፅ መጣ፦

"ከጉንጩ ውስጥ አድርጊለት፤ ይምጠው፤ እንዳይቆረጥመው! በዚያ ላይ ስኳር ያለበት ሻይ አስመጪለት። ካገገመ በኋላ ደግሞ ዳቦ ይብላ፤ አለዚያ መልሶ ይወርድበታል።"

ዶክተሯ ከረሜላውን ጉንጬ ውስጥ እያደረገች "ሐጂ፣ ሐኪም ነዎት እንዴ?" አለቻቸው።

ሐጂ ይመር እጃቸውን ከስንጥቁ መለሱ።

ነፍሴ ቀስ በቀስ ስትመለስ መጀመሪያ የሰማሁት የእትዬ ዘይነባን ድምፅ ነው። "ይመር! አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ከረሜላ በኪስህ የምትይዘው?"

"ለልጆች ነው።"

"የትኞቹ ልጆች? ልጆችህ እኮ ጢም አብቅለዋል!"

መጋረጃው ተገለጠ። ሐጂ ይመር ገቡና ከእግሬ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸው ተፈትቶ ጉንጫቸው ከኔ እኩል አብጧል። አንገታቸውን ደፍተው "እኔም አለብኝ" አሉ።

"ምን?"

"ስኳር። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ደሴ ነው የምከታተለው፤ የጤፍ ዋጋ ላጣራ ነው እያልኩ።"

"ሱብሃን አላህ! እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ላመጣ ነው እያልኩ። ምን ቀን ነው የሚሄዱት?"

"ሐሙስ። እርስዎስ?"

"ማክሰኞ።"

ተያየን። አንዳችን ቀን ብንቀይር ኖሮ በአንድ አግዳሚ ላይ ልንገጣጠም ነበር። የሽምግልናው ቀን ያ ሁሉ የተቆለለ ስኳር ትዝ አለን መሰለኝ፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፤ ሳቁ ጥርሳችንን አሳመመንና በአንድ ጊዜ "ወይኔ!" አልን።

"ያን ቀን ወደ ቤት እንደገባሁ እስከ ማታ ዓይኔ ጭጋግ ሆኖብኝ ቆየ" አሉ ሐጂ።

"እኔማ አንድ በርሜል ውኃ ጠጣሁ።"

የቀሩን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ጋብቻውን በአንድ ቃል ሊያፈርሱት ይችላሉ። ሐጂ ይመር ወንድም ቢሆኑም ከእህታቸው ቃል አይወጡም። መጋረጃውን ይዘው ቆመው ሁለታችንን አፈራርቀው አዩን። እኔ በውስጤ ሐያትን ይቅር በይኝ እያልኩ ነበር። ሴትዮዋ ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረ ጨርቅ ፈቱ። ከውስጡ ክኒን ወጣ።

"የግፊት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ሰውን ሁሉ የምጠይቀው እኮ እኔን እንዳይጠይቀኝ ነው።"

ዶክተር መሠረት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሦስታችንንም አየችን። ልጃችን ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ግን ሦስታችንም እንደ ተማሪ ዓይናችንን መሬት ላይ ተከልን።

"ስሙኝ" አለች። "ጥርሱ ያለው ከሰውነታችሁ ውጭ አይደለም። ስኳራችሁ ሳይስተካከል ብነቅለው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ይመረቅዛል። ግፊታችሁ እንዲህ ከፍ ብሎ ብነካችሁ እዚሁ ልትወድቁብኝ ትችላላችሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ንገሩኝ፤ ካወቅኩ እዘጋጅበታለሁ። እናንተም በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡት፤ እሱን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ለጥርስ የምትመጡ ቀን ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ መድኃኒታችሁን እንደታዘዘላችሁ ውጣችሁ ነው የምትመጡት። ማጠፍ የለም፤ መዝለል የለም።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ዛሬ ስንት ክኒን ዋጡ?"

ነገርኳት። ዳቦውንም ነገርኳት።

"ለዶሮ?" አለች።

"ለዶሮ" አልኩ።

እትዬ ዘይነባ "ያ ረቢ" ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ሁለታችንንም ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ለመመርቀዙም መድኃኒት ሰጠችን። ስኳሬና ግፊቴ ተስተካክለው፣ ለሐኪሜም ደውላ ተማክራ ካልሆነ መንጋጋዬን እንደማትነካው ነገረችኝ። የሐጂንም እንዲሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የመካነ ሰላም ወሬ ቁልቁለትም ዳገትም አያደክመውም። ሐያት ከትምህርት ቤት አቋርጣ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ልጄ እንደ ሌላው ልጅ ስትቆጣ አትጮኽም፤ በአክብሮት ነው የምትቆጣው፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

"አባ፣ ስኳር እንዳለብዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"ላንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ። ጋብቻሽ እንዳይፈርስ።"

"እርስዎ ሞተው እኔ ባገባ ደስ ይልዎት ነበር?"

ዓይኔን ወደ ዶሮዎቹ አዞርኩ።

"ለእኔ ብለው አይዋሹ" አለችኝ። "ለእኔ ብለው ይኑሩ።" ከዚያ አልቻለችም፤ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዘሃራ ከኋላ ቆማ "ዳቦውን ለዶሮ!" እያለች ትጮኻለች። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተሰድቤም ተወድጄም አላውቅም።

ጋብቻው አልፈረሰም። ልጁም ልጅቷም ተመርመሩ ሲባሉ ሳቁብን፤ ቀድመው ተያይዘው ሄደው ተመርምረው ነበር። እኛ ሽማግሌዎቹ ነን በከረሜላ ስንመራመር የነበርነው። የእኔና የሐጂ መንጋጋ ከኒካሑ በፊት፣ ቁርስ በልተን፣ ክኒን ውጠን፣ ዘሃራና እትዬ ዘይነባ ግራና ቀኝ እየጠበቁን በሰላም ተነቀለ። ከዚያው በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ሄደን፣ ድግሱ በማን ቤት ይሁን የሚለውን የቀረ ክርክር ለመጨረስ ሽማግሌ ፊት ተቀመጥን። ሁለታችንም ጥጥ ነክሰናል፤ መናገር አንችልም። ሽማግሌዎቹ "በሐጂ ቤት ይሁን?" ሲሉ ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ፤ ወደኔ ዞረው "በእርስዎ ቤት ይሁን?" ሲሉ ሐጂ ነቀነቁ። በሁለቱም ቤት ሆነ። ስኳር የገባበት ሻይ ሲመጣም ሁለታችን ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፋን። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ እኛን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገና የራሱንም ገፋ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው። ሐያት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገብታ በመሐል የተሰለፉትን ብርጭቆዎች አየች፤ መልሳ ወጣችና ስኳር የሌለው አፍልታ መጣች። ያን የመሰለ መራራ ሻይ በዚያ ደስታ የጠጣ ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም።

ከጅዳ የመጣው ካርቶን ተርፎ ነበርና ለዶክተር መሠረት ሰጠናት። ወንበሩ አጠገብ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋ አስቀምጣዋለች፤ ጣሳው ከሱቄ ነው። እዚያ ስኳሩ የወረደበት ሰው ከገጠመ ከሐጂ ኪስ መጠበቅ ቀርቷል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላኛው ጥርሴ ነካ አደረገኝና ሄድኩ። አግዳሚው ሙሉ ነው። ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ። ዶክተር መሠረት ጓንቷን እያጠለቀች "አባቴ፣ ሌላ በሽታ..." ብላ ገና ሳትጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚው በሙሉ በአንድ ድምፅ መለሰላት፦

"ስኳር አለበት! ግፊትም አለበት! ደም የሚያቀጥንም ይውጣል!"

ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት ለብቻዋ ጨመረች፦ "ቁርሱን ግን ዶሮዎቹን ጠይቂያቸው!"